የክርስትናዋ ውሃ

ትናንት አማቼ ጌትነት ከሚሠራበት ከባሕር ዳር ደወለልኝ። «እማዬ፣ ሥራ ይዞኛል። ለልጄ ክርስትና የምደርስ አይመስለኝም፤ በቪዲዮ ትልኩልኛላችሁ» አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ፍኖተ ሰላም ካለው ቤቴ ደጃፍ ቆምኩ። ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ይተናል። ያ ሽታ ወደ ድሮዬ ይዞኝ ሄደ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከቡሬ ወጣ ካለች ገጠር የመጀመሪያ ልጄን የሺን ስወልድ ባሌ አላምረው ቤት አልነበረም። የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂዎች ወጣቱን ለጦር ሜዳ ያፍሱ ስለነበር ክረምቱን የከረመው ከወንዙ ማዶ፣ በበቆሎ ማሳ ውስጥ ተደብቆ ነው። እናቱ በሶ በቅል ያደርሱለታል። ልጁን አላያትም። «ስትጠመቅ ካልቆምኩ ምኑን አባት ሆንኩ?» ብሎ በእናቱ ላከብኝ።

ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ሰማንያ ደግሞ ቄስ ብቻ ሳይሆን ታጣቂም ይቆጥራል። የተደበቀ አባት የሚያዘው በልጁ ክርስትና ነበር። እንዲመጣ እመኛለሁ፣ እንዳይመጣ እጸልያለሁ። «ይቅርብህ» ብዬ ላክሁበት፤ መልስ አልመጣም።

ቀኑ ደረሰ። መስከረም ነው። ጉሙ ሜዳውን ሸፍኖት አደዩ ከውስጡ ቢጫ ቢጫውን ብቅ ይላል፤ አየሩ እሸት እሸት ይሸታል። በእኛ አጥቢያ የክርስትናውን ውሃ የሚቀዱት የአባት ወገን ሴቶች ናቸው። ልጄን ታቅፌ ከምንጩ በላይ ስደርስ፣ እንስራቸውን አዝለው ከጉሙ ሲወጡ አየኋቸው። አንዷ ረጅም ናት፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች።

ጎረቤቴ ይርገዱ የሴትዮዋን እግር አየት አደረገችና «አንቺ እህት፣ ይህ ተረከዝ ስንት ጥማድ አርሷል?» አለቻት።

«ጎንበስ በይ እንጂ!» አለች ሌላዋ። «እንስራ እንደ ሞፈር ነው እንዴ የሚያዘው?»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እኔ ቀረብ ብዬ ዓይኗን አየሁ። አላምረው ነበር፤ የእናቱን ቀሚስ ለብሷል። በእኛ አገር ወንድ ውሃ ቀዳ ከተባለ እስኪሞት መሳቂያ ነው። እሱ ቀሚስም ጨመረበት።

ታጣቂዎቹ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው የወንዱን ሁሉ ፊት ያያሉ። ሴቶቹ አላምረውን መሐላቸው አድርገው እልል እያሉ መጡ። ይርገዱ «ዞር በሉ እናንተ፣ የጥምቀት ውሃ ነው!» ብላ በክንዷ ገፋቻቸው። አለፉ። እኔም አለፍኩ፤ እስትንፋሴን የት እንደተውኩት እንጃ።

ክርስትና ቤቱ ውስጥ እንስራውን አውርዶ ቄሱ እግር ላይ ወደቀ። «አባ፣ በሴት ልብስ ደፍሬ ገባሁ፤ ይፍቱኝ» አለ።

ቄሱ ኩታቸውን አውልቀው አለበሱት። «ልጁን ሊያስጠምቅ የመጣ አባት ነው ያየሁት፤ ልብሱን አላየሁም። ተነሥ፣ ውሃውን ገልብጥ» አሉት።

ገለበጠ። የሺ ስትጠመቅ ጮኸች፤ እሱም አብሮ አለቀሰ። ከዚያ ተቀበለኝና አቀፋት፤ አንገቷን አሸተተ፣ ደግሞ አሸተተ። ባዶውን እንስራ አዝሎ ከሴቶቹ ጋር ወደ ጉሙ ተመለሰ።

መኸሩ ሳይገባ ከቡሬ ገበያ ታፈሰ። በዚያው ቀረ።

የሺ ልጅ ሳለች «አባቴ አቅፎኝ ያውቃል?» ትለኝ ነበር። አዎ፣ እላታለሁ፤ የተጠመቅሽበትንም ውሃ ያመጣው እሱ ነው። ስለ አባትነትና ስለ ባልነት ሰባኪው ብዙ ያስተምራል፤ መልካም ነው። እኔ ስሰማው ግን ዓይኔ ላይ የሚመጣው፣ መጉበጥ የማያውቅ ጀርባ እንስራ አዝሎ ከጉም ሲወጣ ነው።

ዛሬ ጠዋት ለየሺ ባል ለጌትነት ደውዬ ይህንኑ ነገርኩት።

«ልጄ፣ እሱ መንገድ አልነበረውም። አንተ አስፋልት አለህ» አልኩት።

«እሺ እማዬ፣ እመጣለሁ» አለኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ልቤ አላርፍ ብሎኝ መልሼ ደወልኩ። «ቀስ ብለህ ንዳ፤ ቡሬ ላይ ጉም ይወርዳል።»