የእትዬ ዘሊካ አረንጓዴ ክር

በጃንሆይ ጊዜ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ነጭ ቆብ ሲሸጥ፣ ጠርዙን አይቶ የማን እጅ እንደሆነ የማይለይ አልነበረም። በአረንጓዴ ክር ከተዘመዘመ የእትዬ ዘሊካ ነው። ባላቸው ሸህ ሷሊህ ግቢያቸው ውስጥ ቁርአን ያቀራሉ፤ እትዬ ዘሊካ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ቆብ ይሰፋሉ። ብዙ አይናገሩም። እኔ ጎረቤታቸው ብርሀንነሽ ግን ለሁለታችንም የሚበቃ ምላስ ነበረኝ።

በሃምሳ ዘጠኝ ዓ.ም. ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ወግዲ ያለችው እናቴ ታመመች የሚል መልእክት መጣብኝ። ከባሌ ከፈንታሁን ጋር ቤቱን ዘግተን ልንሄድ ሆነ። ያለችኝ አንዲት ገብስማ ዶሮ ናት፤ ጨውም ላምባም ከእሷ እንቁላል ነው የምገዛው። ከአንድ ቁና ገብስ ጋር ለእትዬ ዘሊካ ሰጠኋት።

"አብሽሪ፣ ሂጂ። አማና ናት" አሉኝ። አማና እሳቸው ዘንድ ከራስ ንብረት በላይ የሚጠበቅ የሰው አደራ ነው።

የሚከተለውን ኋላ ከራሳቸው አፍ ነው የሰማሁት። በሄድን በአምስተኛው ቀን ንጋት ላይ ለሱብሂ ስግደት ሊታጠቡ በሩን ከፍተው ወጣ ሲሉ ሸለምጥማጥ ገባ። ጩኸት ሰምተው ሲመለሱ አውሬው አምልጧል። የዶሮዋ ደረት ተቀዷል፤ የበላችው እህል የሚጠራቀምበት ከረጢትም አብሮ ተተርትሮ የማታው ገብስ በቁስሉ በኩል ይፈሳል።

ሸህ ሷሊህ ቢላዋ ይዘው መጡ። "ሳትሞት ቢስሚላህ ብዬ ላርዳት። ከሞተች ሀራም ናት፤ ለማንም አትሆን።"

"እርስዎ ካረዷትማ ለእኛ ብቻ ሆነች። ብርሀንነሽ የእስላም ሥጋ አትበላም። ዘሊካ አማና በላች ልባል ነው?"

"እንግዲያ ከክርስቲያኖቹ አንዱን ጥሪና ይረድልሽ።"

"ሁዳዴ ነው እኮ ሸሁ! አርደው ምን ያደርጓታል?"

ሸሁ ቢላዋውን ዝቅ አደረጉ። "ታዲያ ምን ይሻላል?"

"መዳን ነዋ" አሉ እትዬ ዘሊካ፤ የቆቡን መርፌ አነሱ።

ዶሮዋን በነጠላ ጠቅልለው ጭንቅላቷን ሸፈኑት፤ ጨለማ ሲሆንባት ጸጥ አለች። የቁስሉን ዙሪያ ላባ ነጩ። ለብ ባለ ጨው ውኃ አጠቡና ከረጢቱንም ቆዳውንም በአንድ ላይ ሰፉት። ቀትር ላይ ውኃ ቢያጠጧት በስፌቱ መሃል ተንጠባጠበ። ተናደዱ፤ ያለ ልማዳቸው ራሳቸውን ተሳደቡ። አጠገባቸው ያለውን ቆብ ሲያዩ ግን ስህተታቸው ገባቸው። ቆብ ሲሰፋ ገበሩ ለብቻው፣ ላዩ ለብቻው ነው፤ አንድ ላይ የተወጋ ይጨማደዳል። ስፌቱን ፈትተው መጀመሪያ ከረጢቱን በደቃቅ ስፌት፣ ቀጥሎ ቆዳውን ለብቻው ሰፉ። ዝንብ እንዳያርፍባት ጥላሸት በቅቤ ለውሰው ቀቡና ቅርጫት ደፉባት።

ከዚያ በኋላ ምግቧ የገብስ አጥሚት ሆነ፤ እሱም በጣታቸው ጫፍ እያንጠባጠቡ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነውና እህል ባየች ቁጥር ትንጫጫለች፤ አልሰጧትም። በአሥራ አንደኛው ቀን የላዩን ክር መዘዙት። የውስጡ እዚያው ቀረ። መያዝ አለመያዙን ማየት አይቻልም፤ ጥሬ ስትበላ እንዳይፈታ እየፈሩ ሰነበቱ። ያን ሰሞን አንድም ቆብ አልሰፉም።

እኛ ለሆሳዕና ተመለስን። ዶሮዬ ከስታለች፣ ደረቷ ተመልጧል፣ እንቁላልም አቁማለች።

"ምን ነክቷት ነው?" አልኩ።

"ሸለምጥማጥ..." ብለው ሲጀምሩ ነጠቅኳቸው። "አማና ያሉኝ ለሸለምጥማጥ ሊሰጧት ነው? የተውኩትንስ ገብስ ማን በላው? ይቺ የበላች ዶሮ አትመስልም!"

ይህን ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል። እሳቸው የያዙትን ቆብ ጭናቸው ላይ አሳረፉ። እኔ ዶሮዬን በክንፏ አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ፈንታሁን ሲሰማ፣ "ሴትዮዋን አስጨርሰሻቸዋል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አለኝ።

"እንቁላል ለማትጥል ዶሮ እህል የለኝም። ለፋሲካ ትታረዳለች" አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ በእትዬ ዘሊካ ደጃፍ ሳልፍ ፊቴን አዞርኩ።

ቅዳሜ ፈንታሁን አረዳት፤ እኔ ነጭቼ መገነጣጠል ጀመርኩ። የደረቷን ቆዳ ስገልጠው አረንጓዴ ነገር አየሁ። ቅጠል መስሎኝ በጥፍሬ ልጭረው ብል አልነቀል አለ። ክር ነው። ጥቅጥቅ ያለ፣ ደቃቅ የቆብ ስፌት ከረጢቱን ከላይ እስከ ታች ገጥሞታል። መካነ ሰላም ውስጥ ይህን እጅ የማያውቅ የለም።

ሆዷን ስከፍት የባሰ መጣ። አስኳሎች ተደርድረዋል፤ አንዱማ ቅርፊት አውጥቷል። በማግስቱ ልትጥል ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

ወደ እትዬ ዘሊካ ባዶ እጄን ሄድኩ። ከዚያ ድስት ለእሳቸው የሚሆን ነገር የለም። እንደ ወትሮው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ።

"እትዬ ዘሊካ፣ ያን ለት ያላስጨረስኩዎትን ይንገሩኝ" አልኩ።

እጄ ላይ ያለውን ደም አዩ። "ታረደች?"

"ታረደች። እንቁላልም ይዛ ነበር።"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የውስጡ ስፌት... ገጥሞ ነበር?"

"ገጥሟል፣ እትዬ። ክሩ ባይኖር ተቀዶ የነበረ አይመስልም።"

"አልሀምዱሊላህ" አሉ። "እኔ እኮ አላየሁትም።"

ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። ከሸለምጥማጡ ጀምረው ነገሩኝ፤ እስኪጨርሱ ድረስ ቃል አልተነፈስኩም።