የጠራው ጥላ

የምራቴ ሥራ ሰው ማስፈራራት ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የምለው። ቀኑን ሙሉ ራጅ ክፍል ቆማ «አይንቀሳቀሱ! ትንፋሽዎን ይያዙ!» ትላለች። ሹም የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ሁሉም ቀጥ ይልላታል። ቤት ስትገባ ግን ድምጿም አይሰማም። «እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ» ብላ ሳህኑን ከእጄ ትነጥቀኛለች። አማትና ምራት እንደ አይጥና ድመት ናቸው የሚሉ ሰዎች እኔ ቤት መጥተው ይዩ።

የራጅ ጨረር አይታይ፣ አይሸት፣ አያቃጥል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ደረታቸው ላይ ትንሽ ባጅ ይሰካሉ፤ ውስጧ ፊልም አለ። ጨረር በነካው መጠን ፊልሙ ይጠቁራል። በየወሩ ወደ ላቦራቶሪ ይላክና ይነበባል። መጀመሪያ ስታሳየኝ «ታዲያ ይቺ ትከላከልልሻለች?» አልኳት።

«አትከላከልም እማማ፣ ትመሰክራለች እንጂ» አለችኝ።

ልጄና እሷ ስንት ዓመት ልጅ ሲለምኑ ኖረው በመጨረሻ ፀነሰች። ወዲያው ማስታወኩ ጀመራትና አልጋ ላይ ጣላት። ሥራ ካልሄድኩ ብላ ብታስቸግረኝ «ከዚህ አልጋ ብትወርጂ ተጣላን!» አልኳት። እኔ ስቆጣ ቤቱ ይናወጣል። ተኛች። ክፍሉን ባልደረባዋ ያዘችላት።

ወሩ አልቆ ውጤቱ ሲመጣ አለቃዋ ደወለ። የእሷ ፊልም ክፉኛ ጠቁሯል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቶ አያውቅም። ጨረሩ ከመተኛቷ በፊት የነካት መሰላት። ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋ «እማማ፣ ልጄን ጎዳሁት» አለችኝ።

«ዝም በይ! ምን ታሟርቻለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። እኔው ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ እጇን ይዤ ላቦራቶሪው ድረስ ወሰድኳት። ባጅ የምታነበዋ ሴትዮ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነበር። ገና ሰላም ሳልላት «እስቲ ደግመሽ እይው! ሰው ይሳሳታል!» አልኳት። አልተቀየመችኝም፤ ወንበር ሰጠችን። ፊልሙን መብራት ላይ ዘርግታ ብዙ አየችው።

«ቁጥሩስ ትክክል ነው» አለች። ምራቴ እጄን ጨመቀችው። «ግን ይቺን ባጅ ሰው አልለበሳትም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ይኸውልዎት እናቴ፣ ከፊልሙ ፊት ትንንሽ ብረቶች አሉ። ጨረር ሲመታቸው ጥላቸው ፊልሙ ላይ ይቀራል። ሰው ደግሞ ይተነፍሳል፣ ይዞራል፣ ጎንበስ ይላል፤ ጥላው ይደበዝዛል። የዚህ ጠርዙን ይዩት፣ ጥርት ያለ ነው። አንድ ቦታ ተሰቅላ ነው የከረመችው።»

ምራቴ አፏን ያዘች። «ሽርጡ!» አለች። ለካ ሥራ ላይ እያለች መጀመሪያ ማስታወክ ሲይዛት፣ ጨረር የሚከላከለውን ከባድ ሽርጥ አውልቃ፣ ባጇ እንደተሰካችበት ማሽኑ አጠገብ ሰቅላው ሮጣ ወጥታለች። በዚያው አልተመለሰችም። እዚያው ሆና ለባልደረባዋ ደወለች። «አዎ፣ ከተሰቀለው ሽርጥ ላይ ነቅዬ ነው የላክሁልሽ፤ ምነው?» አለቻት።

ወሩን ሙሉ ጨረሩን የጠጣው ባዶ ሽርጥ ነበር። እሷማ እኔ ቤት አልጋ ላይ ነበረች፣ እኔ እየተቆጣኋት! ተመስገን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣዬን ወደድኩት። ያቺን ሴትዮ ግንባሯን ስሜ ስሜ መነጽሯን ጣልኩባት። ቁጥሩን ብቻ ጽፋ ብታልፍ ማን ይጠይቃት ነበር? እስክሞት አመሰግናታለሁ።

ልጁ ተወለደ፤ እግር አወጣ፤ ቤቱንም ገለበጠው። ፎቶ ቤት ወሰድነው። ፎቶ አንሺው ቢለምነው፣ ቢያባብለው ወይ ፍንክች! አንዴ ወንበሩ ላይ፣ አንዴ መጋረጃው ውስጥ። ሁሉም ፎቶ ደብዝዞ ወጣ። «ኧረ ያዙት! አንድ ጊዜ ቀጥ ይበል!» ብሎ ጮኸ። ልጁን ልቆጣው አፌን ስከፍት ምራቴ ቀደመችኝ።

«ተወው ወንድሜ፣ ይሩጥ» አለችው ያቺ ቀኑን ሙሉ ሰው ቀጥ የምታደርግ ሴት። «የደበዘዘውን አጥበህ ስጠን።»

አንዱን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ ሌላውን ለላቦራቶሪዋ ሴትዮ ወሰድንላት። እንደ ልማዷ መብራት ላይ ያዘችው፣ መነጽሯን ዝቅ አደረገች፣ የደበዘዘውን ጠርዝ አየችው።

«ይኼስ ሰው ነው» አለች።