የሻለቃው ትከሻ

ሳን ሴቬሮ ሁለት ሺህ ነዋሪ ያላት የኡራጓይ ከተማ ናት። የወታደሮቹ አገዛዝ ከወደቀ ወዲህ ሲቆጠር ግን ሦስት ሺህ ታጋይ ወጥቶባታል። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦ ውስጥ ደብዳቤ ይደብቅ ነበር። ፖስተኛው ደግሞ ደብዳቤ ይሰውር ነበር፤ ሁለቱ ቢነጋገሩ ኖሮ ብዙ ድካም በቀረ። ቄሱ ሆን ብለው ደወሉን አሳስተው ይደውሉ ነበር። ይህ ሁሉ ይታመናል። የማይታመነው ልብስ ሰፊው ዶን ዊልማር ብቻ ነው።

የዶን ዊልማር ታሪክ እንዲህ ነው። ከአርባ ሁለት ዓመት በፊት፣ ካርኒቫል ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ወታደሮች ሱቁ ገብተው ሁለት ትእዛዝ ሰጡት። አንደኛው፣ ለሙርጋው የሰፋውን ልብስ በሙሉ እንዲያቃጥል ነው፤ ሙርጋ ማለት በካርኒቫል ሰሞን ፊቱን ቀለም ተቀብቶ ባለሥልጣኑን በዘፈን የሚሸረድድ ጓድ ነው። ሁለተኛው፣ ለሻለቃ ሳራሶላ የሰልፍ ኮት እንዲሰፋ። ዊልማር ለሁለቱም እሺ አለ። አሥራ ሦስቱን ልብስ አቃጠለ። አሥራ አራተኛውን፣ የጓዱን መሪ የኡጎን ባለብልጭልጭ ልብስ፣ ቆራርጦ በሻለቃው ኮት ትከሻ ውስጥ በጥጥ ፋንታ ሞላው። ሻለቃው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደረቱን ነፍቶ የቀልደኛ ልብስ ተሸክሞ ሰልፍ ወጣ። ኡጎን ግን በዚያው ሳምንት ከቤቱ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ዶን ዊልማር ታሪኩን ሲያወራ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ድምፁ ይሰበራል።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ፣ ዶን ዊልማር!" ይለዋል የቡና ቤቱ ባለቤት። "አምና እጅጌው ውስጥ ነው ብለውን ነበር፤ ዘንድሮ ትከሻ ገባ?"

"ትከሻ ነው ያልኩት! መቼም ቢሆን ትከሻ ነው!"

ሳቁስ ይሁን። አንጀቱን የሚቆርጠው የኡጎ እህት ኤልቢራ ናት። ሻለቃው አዲሱን ኮት ለብሶ ከዊልማር ሱቅ ሲወጣ በዓይኗ አይታለች። ወንድሟ ከተወሰደ ገና ወር አልሞላውም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዊልማርን ስታይ መንገድ ተሻግራ በማዶ ታልፋለች፤ ሊያስረዳት ደጇ ድረስ ሄዶ "የወንድሜን ስም በአፍህ እንዳትጠራ" ብላ በሩን ዘግታበታለች። ከተማዋ ያላት ደግሞ አንድ ዋና መንገድ ነው። ስለዚህ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ በቀን አራቴ ይህችን ሴት ስትሻገርበት ያያል። አልለመደውም።

በዚህ መሀል ፊልም ሠሪዎች ከሞንቴቪዴዮ መጡ። ስለዚያ ዘመን ፊልም ሊሠሩ ነው። ዳይሬክተሯ ማሄላ ሃያ እስረኛና ሃያ ወታደር የሚሆን ሰው ፈለገች። ለእስረኛነት መቶ ዘጠና ሰው ተመዘገበ፤ ለወታደርነት አንድም። በመጨረሻ የእግር ኳስ ቡድኑ በጥብስ ሥጋ ተለምኖ ወታደር ሆነ።

ፊልሙ ውስጥ ልብስ ሰፊ አለ፤ እሱን እንዲጫወት ዶን ዊልማር ተመረጠ። ዶን ዊልማር ጽሑፉን ተቀብሎ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፤ "ሰፊው ለሻለቃው እስከ መሬት ያጎነብሳል" ይላል። ሌላ ነገር የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ፊልም ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። ዶን ዊልማር ሞቶ እንኳ በየሲኒማ ቤቱ ሲያጎነብስ ሊኖር ነው፤ ኤልቢራም ቁጭ ብላ ልታየው ነው።

ኮቱ ግን መጣ! የሟቹ የሻለቃው ልጅ አውሳ ነው፤ አንዲት ክር እንዳትቆረጥ የሚል ወረቀት አስፈርማለች። ማሄላ ለተዋናዩ እንዲያስለካው ለዶን ዊልማር ሰጠችው፤ እሱንም "መቀስ አላስነካም፣ በእናቴ!" አስብላ አስማለችው። ለብቻው ሲሆን ትከሻውን ጫን አደረገው። ብልጭልጩ ከውስጥ ከርከር አለ። እጁ ወደ መቀሱ ሄደና ተመለሰ። ዶን ዊልማር ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም።

ስለዚህ ሌላ ሰው አበላ።

ሻለቃውን የሚጫወተው ማውሮ ዱባ የመሰለ ነገር እንኳ መዝኖ የሚበላ፣ ሸንቃጣ ልጅ ነበር። ዶን ዊልማር በየማለዳው ፔርሙሱን በብብቱ፣ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ በአንድ እጁ ይዞ ይመጣል፤ በሌላው እጁ ትሪ። በስብ የተጠበሰ ቂጣ፣ በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ የተጠበሰ ሥጋ ከነእንቁላሉ፣ በወተት ካራሜላ የተሞላ ኬክ።

"ብላ እንጂ ልጄ። ሻለቃው ደንዳና ሰው ነበር።"

"ፎቶው ላይ ግን ቀጭን ነው፣ ዶን ዊልማር።"

"ፎቶ ያከሳል።"

"እርስዎስ አይበሉም?"

"እኔ ጨጓራ አለብኝ። ይቺን ደግሞ፣ ለእኔ ስትል!"

ሁለት ሳምንት እንደ ሙክት ቀለበው። ማውሮ ትከሻው ሰፋ፣ አንገቱ ወፈረ፣ ጉንጩም ቀላ። ዳይሬክተሯ ኮቱን ለብሶ ስታየው ግንባሯን ቋጠረች።

"ዶን ዊልማር፣ አልጠበበውም እንዴ? ይይዛል ይላሉ?"

"የሰፋሁት እኔ ነኝ። ይይዛል።"

ዋሸ። በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት ዋሽቶ አያውቅም።

እሑድ ጠዋት ከተማው ሁሉ አደባባዩ ላይ ወጣ። እስረኞቹ በእስረኛ በኩል ተፋፈጉ፤ ኤልቢራ ጥቁር ሻርፕ አድርጋ ከፊት ቆማለች። ዶን ዊልማር ከመድረኩ ሥር፣ በማጎንበሻው ቦታ ተገትሯል። ማውሮ የዕለቱን ስድስት ኬክ በልቶ መድረኩ ላይ ወጣ፤ እጁን ለሰላምታ ወደ ግንባሩ ላከ።

ኮቱ ከብብት እስከ አንገት ተተረተረ። ከቀኝ ትከሻው ቢጫ ጨርቅ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ የተጨማደደ ሐምራዊ ዘርፍ ዱብ ዱብ አለ። ብልጭልጩ በመድረኩ ላይ ዘነበ። ማውሮ እጁን እንዳነሳ ደርቆ ቀረ። መጀመሪያ የሳቀው ከወታደሮቹ አንዱ፣ በረኛው ነው፤ ከዚያ አደባባዩ በሙሉ ፈነዳ።

"ትከሻ ነው ለካ!" አለ የቡና ቤቱ ባለቤት።

ዶን ዊልማር አልሰማውም። የሚያየው ኤልቢራን ብቻ ነው። እሷ አልሳቀችም። ከሰው መሀል ወጥታ መጣችና አንዷን ቁራጭ አንስታ ገለበጠቻት። ብልጭልጩ በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

"አረንጓዴ ክር አልቆብኝ ነበር" አለች፤ ለማን እንደምትናገር አልታወቀም። "ለኡጎ ማንም ልብ አይለውም አልኩት።"

ሳቁ ቀስ በቀስ ከሰመ። ኤልቢራ ወደ ዶን ዊልማር ዞረች።

"ሌላውስ?"

"በግራ ትከሻው ነው" አለ ዶን ዊልማር።

ከዶን ዊልማር ኪስ መቀሱን መዘዘችና መድረኩ ላይ ወጣች።

"እትዬ፣ ተዉ!" ብላ ጮኸች ማሄላ። "አንዲት ክር አንቆርጥም ብለን ፈርመናል!"

"እኔ አልፈረምኩም" አለች ኤልቢራ፤ የግራውንም ትከሻ ቀደደችው። ማውሮ ትንፋሹን ውጦ ቆመላት። የወጣውን ሁሉ በሻርፗ ጠቅልላ ማንንም ሳትሰናበት ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ዶን ዊልማር ሱቁን ሲከፍት ማዶ አያት። ኤልቢራ ጥቅሏን ታቅፋ፣ ግራ ቀኝ አይታ መንገዱን ተሻገረች፤ በዚህ ጊዜ ወደ እሱ ነው። ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው።

"መልሰህ ግጠመው" አለችው። "ብልጭልጩን ግን እኔ እሰፋለሁ። ያንተን ስፌት እሑድ አይተነዋል።"