በራችን ላይ የተጻፈው ቃል

የያዙኝ ከማደሪያው ጀርባ ቧንቧው ላይ እግሬን ስታጠብ ነው። ሁለት ነበሩ። «ፎጣ ላምጣ» ብል «አያስፈልግሽም» አሉኝ። በእርጥብ እግሬ ነጠላ ጫማ አጥልቄ ሄድሁ።

ባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ፣ ፔዳ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ፤ የምማረው እንግሊዝኛ። ጦርነቱ ወደ ጎንደር እየተጠጋ ስለነበር ደርግ ያኔ ጥላውንም አያምንም።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። የሻገተ ዳጉሳ ይሸታል። መስኮት የለውም፤ ከቆርቆሮው ስር የምትገባ ቀጭን ብርሃን አለች። ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። አንዲት መነኩሲት ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። መርማሪው ሲናገር ትሁት ነው። የፈራሁት ይኼንኑ ነው። ጠረጴዛው ላይ የኪስ መዝገበ ቃላትና በደንብ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ገመድ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«በማደሪያችሁ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈው ምንድን ነው?»

«ክሪፐስኩላር።»

«ይቺን ሳይሉ ማንም አይገባም አሉ። የይለፍ ቃል ናት?»

ጨዋታ ነው ብዬ አስረዳሁት። በየሳምንቱ አንዷ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል በሩ ላይ ትጽፋለች፤ በቃሉ ዓረፍተ ነገር ያልሠራች፣ ዝናብ ቢደበድባትም አትገባም።

«ትርጉሙስ?»

«ሲመሻሽና ሲነጋጋ የሚንቀሳቀስ። ለእንስሳ ነው የሚባለው።»

«ሲመሻሽ የሚንቀሳቀሱትንማ እኛም እየፈለግናቸው ነው።»

«ጉማሬ ለማለት ነው፣ ጓድ! ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል።»

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ሳቀ። መርማሪው አልሳቀም። መዝገበ ቃላቱን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ ፈለገ። የለም። መጽሐፉ እኮ መዳፍ አያህልም!

«ስለዚህ ቃል አይደለም። እናንተ የፈጠራችሁት ነው» አለ።

አንድ መምህራችንን አስጠራ። ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፎ አሳየው። መምህሩ ገመዱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«ሰምቼው አላውቅም» አለ።

አልተቀየምሁትም ብል ውሸት ነው።

«አንድ ሰው ስጪኝ» አለኝ መርማሪው ረጋ ብሎ። «ቃሉን የሚያውቅ አንድ ሰው። የክፍልሽ ልጆች አይቆጠሩም፤ ተማክራችኋል። ሌላ ሰው ያንቺኑ ትርጉም ከነገረኝ ወደ ትምህርትሽ ትመለሻለሽ። እስከ ነገ አስቢበት።»

የሚያውቅ ሰው ነበረ። ቃሉን የጻፈችው ለጨዋታው ከሌላ ሕንጻ የምትመጣ ጓደኛዬ ናት። ወረቀት በትነሻል ብለው ሲፈልጓት ከከተማው ወጣ ብሎ ሰባታሚት አክስቷ ቤት ተደብቃለች። ያለችበትን የማውቀው እኔ ነኝ። ወደ ክፍሉ ስመለስ ስሟ ምላሴ ላይ ነበር። ገመዱ አልነካኝም፤ ግን ጀርባዬ ከወዲሁ ያቃጥለኛል።

«ምን አሉሽ ልጄ?» አሉኝ መነኩሲቷ። ከጣና ማዶ የዘጌ ሰው ናቸው፤ ከጦር የጠፋ ወታደር አሳድረው ነው የታሰሩት። የጓደኛዬን ነገር ትቼ ሌላውን ከነጉማሬው ነገርኋቸው።

«እስቲ ቃሉን በይልኝ።»

«ክሪፐስኩላር።»

«ክሪ… ምን? አፍ ይሰብራል እንጂ ክፉ አይመስልም።» ከዚያ እንደ ዳዊት ያነበንቡት ጀመር።

«እማሆይ፣ ይተዉት በናትዎ! የምሞተው በዚህ ቃል ነው!»

«ታዲያ አንቺን የሚገድል ቃል እኛ አናውቀው?»

ሌሎቹም ሴቶች ቀስ እያሉ ከሳቸው ጋር ማለት ጀመሩ። ሲስቱ አረምኋቸው።

በማግስቱ መርማሪው ራሱ መጥቶ በሩን ከፈተ።

«ሰው አገኘሽ?»

«የለም። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም።»

ጠባቂው ክንዴን ያዘ። እማሆይ መቋሚያቸውን ቀምተዋቸው ስለነበር ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ አውቀዋለሁ ጌታዬ። ክሪፐስኩላር። ሲመሻሽ ከውሃ የሚወጣ ነው። ጉማሬ ክሪፐስኩላር ነው።»

መርማሪው ከእኔ ወደ እሳቸው ዞረ።

«አንቺ አሮጊት፣ ማን ጠየቀሽ?»

«አንድ ሰው አላሉም?»

በጥፊ መታቸው። ትንሽ ቆሞ እኛን አየ፤ ሁላችንንም። ከዚያ ለጠባቂው «ልቀቃት» አለና በሩን ዘግቶ ሄደ። ለምን እንደተወኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እማሆይ ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «አጠራሬ ተበላሸ ልጄ?»

«አልተበላሸም።»

ትንሽ ተበላሽቶ ነበር።

ስለ ቃሉ ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም። ከወራት በኋላ ተፈታሁ፤ ትምህርቴንም ቀጠልሁ። ጓደኛዬ በሕይወት አለች። ባለፈው ወር ስመረቅ ያ መምህር ከሰው መሃል መጥቶ ጨበጠኝ።

«ቃሉን አውቀው ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልሁት።

እማሆይም ተፈተው ዘጌ ተመልሰዋል አሉ። ጀልባው በየቀኑ አለ፤ እስካሁን ግን አልሄድሁም። ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ እያልሁ ሰበብ እሰጣለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። ስሄድ በራቸው ላይ ቆሜ በዚያ ቃል ዓረፍተ ነገር መሥራት አለብኝ፤ የጨዋታችን ደንብ ነው። ምን እንደምል አላገኘሁም።