እንጥሏ ደህና ነው

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። የማልረሳው በአንድ ቃል ምክንያት ልጄን አምስት ወር ሙሉ ስላሰቃየኋት ነው።

ሳሮን ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ቀኑን ሙሉ አፏን ከፍታ ትውላለች፤ ስትተኛ እንደ ትልቅ ሰው ታንኮራፋለች። አንዳንዴ ትንፋሿ ቁርጥ ሲል እኔም አብሬያት ትንፋሼን እይዛለሁ። ኦክላንድ ያለው ሐኪሟ መርምሯት በስልክ አስተርጓሚ አስጠራልኝ።

አስተርጓሚዋ፣ "እንጥሏ አብጧል፤ በኦፕራሲዮን ይወጣል" አለችኝ።

ታናሽ ወንድሜ በልጅነቱ እንጥሉን ሰፈር ውስጥ በምላጭ ተቆርጦ፣ ደሙ አልቆም ብሎ ለጥቂት ነው የተረፈው። ፎጣውን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ወረቀቱን ሳልፈርም ልጄን ይዤ ወጣሁ። ባለቤቴ ቢለምነኝ ወይ ፍንክች። ማር በጥቁር አዝሙድ፣ የጤናዳም እንፋሎት፣ ያልሞከርኩት የለም።

በመጨረሻ ሳንሆዜ የምትኖር ጓደኛዬ፣ "የቻይና ባህል መድኃኒት ለምን አትሞክሪም?" አለችኝ። ኦክላንድ ቻይናታውን አንድ መድኃኒት ቤት ገባን። ባለመድኃኒቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጃቸው በእንግሊዝኛ ታስተረጉምላቸዋለች። እንጥል በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ አፌን ከፍቼ በጣቴ አሳየኋቸው። "ይኼ እንዳይቆረጥ መድኃኒት ስጡኝ" አልኩ።

ሽማግሌው የሳሮንን ጉሮሮ በባትሪ አዩ፤ የእጇን ትርታ ያዙ። ከዚያ አፏን ዘግታ በአፍንጫዋ እንድትተነፍስ አዘዟት። ትንሽ ታገለችና አፏን ከፈተች።

"ማሚ፣ አይ ካንት" አለችኝ።

"ስትተኛ ትንፋሿ ይቋረጣል?" ብለው አስጠየቁኝ። አዎ አልኩ።

ወረቀት አወጡና የሰው ፊት በጎን ሳሉ። ከአፍንጫው ጀርባ፣ ከላንቃው በላይ ትንሽ ክብ አድርገው አጠቆሩት። ልጃቸው እየጠቆመች፣ "የሚንጠለጠለው ደህና ነው፤ ማንም አይነካውም። ያበጠው ይኼኛው ነው፣ አዴኖይድ ይባላል" አለችኝ። "ቀለል ላለው የምንሰጠው ቅጠል አለ። ትንፋሽ እያቋረጠ ላለ ልጅ ግን አባቴ አይሸጥም። ሐኪሟ ጋ ተመለሺ።"

ያንን ሥዕል ይዤ ተመለስኩና ፈረምኩ። ኦፕራሲዮኑ ተሠርቶላት በዚያው ቀን ቤት ገባን።

አስተርጓሚዋን አልወቅሳትም፤ አዴኖይድን በአማርኛ ምን እንደሚሉት እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚያንገበግበኝ "የቱ ጋ ነው የምትቆርጡት?" ብዬ አለመጠየቄ ነው። ሳሮን ማንኮራፋቷን ትታለች። እኔ ግን አሁንም ጸጥ ስትልብኝ እደነግጥና እጄን አፍንጫዋ ስር አደርጋለሁ። አፏ ተዘግቷል፤ ትንፋሿ ጣቴን ያሞቀዋል።