ሳክስፎን ይዤ ወደ አባቴ ቀብር

ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ ነው። አባቴ አንኮበር አካባቢ ባለ አንድ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ያረፉትም እዚያው ነው። ወደ ቀብራቸው ስሄድ መንገድ ላይ የገጠመኝን ነገር ለብዙ ሰው አውርቼ አላውቅም። የሚሰሙኝ ሰዎች ወይ ይስቃሉ፣ ወይ ያዝኑልኛል፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም አልፈልግም። ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

እኔ ሳክስፎን ተጫዋች ነኝ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ዘንድ ዜማ ጀምሬ ነበር። ለትምህርት ደብረ ብርሃን ስገባ፣ የኪነት ቡድን ዕቃ ቤት ውስጥ ማንም የማይነካው አሮጌ ሳክስፎን አገኘሁና ዜማውም ትምህርቱም ተረሳ። ከዚያ አዲስ አበባ፤ መጀመሪያ ሠርግ፣ ቀጥሎ ሆቴል፣ በኋላም ጃዝ የሚሰማባቸው ቤቶች። እንጀራዬ ይኸው ነው።

አባቴ አልረገሙኝም። ስጫወት ግን ሰምተውኝ አያውቁም። ልጠይቃቸው ስሄድ "ያ ሥራህ እንዴት ነው?" ይሉኛል፤ "ደህና ነው" እላለሁ፤ ወሬው ወደ ዝናቡና ወደ እህሉ ይዞራል። በልጅነቴ "ትንፋሽህን አታባክን፤ ቃሉ ሳያልቅ እንዳያልቅብህ" ይሉኝ የነበረውን ግን ዛሬም እሠራበታለሁ። ይህንንም ነግሬያቸው አላውቅም።

ሞታቸው የተነገረኝ ጠዋት፣ ልምምድ ላይ ሆኜ ነው። ዘመዶች በኮንትራት ሚኒባስ ሊነሡ ነበርና ሳክስፎኑን ቤት የማደርስበት ጊዜ አልነበረም። ከነሻንጣው ይዤ ገባሁ።

ከፊት የተቀመጡት የአባቴ ታናሽ እኅት እትዬ ዘውዴ ናቸው። በእኛ ዘመድ ውስጥ ሙሾ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ያልተገኙበት ለቅሶ ለቅሶ አይመስልም። እኔን "አዝማሪው" ይሉኛል። ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ አይደለም።

ጥቁሩን ሻንጣ ሲያዩ "ይኼን ይዘህ ነው ወንድሜ ቤት የምትገባ?" አሉኝ።

"መኪና ውስጥ ይቀራል" አልኳቸው።

"ይቅር" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ጫጫን አለፍ እንዳልን ኬላ ላይ አስቆሙን። ፍተሻው የጠበቀበት ሰሞን ስለነበር ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ሻንጣውን ሲያስከፍተኝ ፊቱ ተለዋወጠ። ውስጡ ያየው አንገቱ ተነቅሎ የተኛ፣ ቁልፍ በቁልፍ የሆነ የናስ ቱቦ ነው። ሳክስፎን ነው ብዬ ብነግረውም አልተዋጠለትም፤ አለቃውን ጠራ። አለቃው በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። በሰፊው አፉ በኩል አጮልቆ አየና "ውስጡ የተወተፈ ነገር ከሌለ ይነፋል። እስቲ ንፋው" አለኝ።

እንግዲህ አስቡት። በእኛ አገር ሐዘን ያለበት ቤት ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። ጎረቤት ሠርግ ቢኖረው ከበሮውን ዝም ያሰኛል። እኔ የመሪጌታው ልጅ፣ አባቴ አፈር ሳይለብሱ፣ አስፋልት ዳር ቆሜ ሳክስፎን ልነፋ ነው። ያውም እትዬ ዘውዴ ፊት። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ አልተጠራጠርኩም።

"ወንድሜ፣ አባቴ አርፈውብኝ ልቀብር እየሄድኩ ነው። ዛሬ አልነፋም" አልኩት።

"እግዜር ያጥናህ" አለ፤ ከልቡ ነው። "እኔም ግዴታዬ ነው። ካልሆነ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ መኪናውም ይቆያል።"

ሾፌሩ ሰዓቱን አየ። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አንኮበር ደግሞ ገና ሩቅ ነው። እዚያ ብንቆም አባቴ ሳልደርስ ሊቀበሩ ነው። ዘመዶቼን ተራ በተራ አየሁ። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

አንገቱን ገጠምኩ። ብርዱ ጣቶቼን አደንዝዟቸዋል። አንድ ረጅም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ነፋሁ።

"በቃ፣ ይበቃል። መንገዳችሁን ቀጥሉ" አለ አለቃው።

እኔ ግን አላቆምኩም። ለምን እንዳላቆምኩ ዛሬም አላውቅም። ያን ድምፅ ተከትሎ የመጣው፣ እናቴ የሞተች ዕለት እትዬ ዘውዴ ያወረዱት ሙሾ ዜማ ነው። ለሥራ ብዬ አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም፤ ጣቶቼ እንደሚያውቁትም አላውቅም ነበር። ዐይኔን ጨፍኜ ቀጠልኩ። ትንፋሼንም አላባከንኩም።

የዜማውን አንድ ቤት ጨርሼ ወደ መጀመሪያው ስመለስ ከኋላዬ የሰው ድምፅ ገባበት፤

ደወሉ ተደውሎ ሰው ሁሉ ሲነሣ፣
ምነው መሪጌታ ዛሬ ብቻ ረሳ።

እትዬ ዘውዴ ናቸው። ዘመዶቼ እዚያው አስፋልት ዳር ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። አለቃው ከኋላችን የመጣውን አይሱዙ ሊያስቆም ሄደ።

ተመልሰን መኪና ውስጥ ገባን። ደብረ ብርሃንን አልፈን ወደ አንኮበር ስንታጠፍ ጉም ወርዶ ነበር። እትዬ ዘውዴ አንዴም ወደ ኋላ አልዞሩም። ስሜት ቀድሟቸው ነው እንጂ አሁን ተቆጥተዋል አልኩ በልቤ። እኔም በራሴ አፍሬ ነበር።

የከበደው ግን ለቅሶ ቤት ስንደርስ መጣ። የልጅ ወጉ ከደጅ ጀምሮ "አባቴን!" እያሉ እየጮኹ መግባት ነው። አፌን ብከፍት ምንም የለም። እንባም የለም። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ፣ አስከሬኑ ሲወጣ፣ አፈሩ ሲመለስ ዐይኔ ደረቅ ነበር። ሰው ደግሞ ያያል። የማያለቅስ ልጅ በእኛ ዘንድ ከልጅ አይቆጠርም።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥን፣ የአባቴ ወዳጅ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሳይደብቁ ተናገሩ።

"አዲስ አበባ እንባም ያደርቃል ለካ። መሪጌታ እንደ መካን ተቀበሩ።"

አባቴን ሁለተኛ የቀበርኳቸው ያን ጊዜ መሰለኝ። ዐይኔ ደረቅ መሆኑን እሳቸውም አይተዋል፣ እኔም አውቃለሁ።

እትዬ ዘውዴ ከሴቶቹ መካከል ቀና አሉ።

"ተዉት፣ አባ። እሱ መንገድ ላይ አልቅሶ ጨርሷል። አብሬው አልቅሻለሁ፤ ምስክሩ እኔ ነኝ።"

በምን እንዳለቀስኩ ግን አልነገሯቸውም። በለቅሶ ነገር በእትዬ ዘውዴ ላይ የሚናገር ሰው ደግሞ በዚያ አገር የለም። ሽማግሌው "እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ" አሉኝ። እንባው ያን ጊዜም አልመጣልኝም፤ ግን ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

አሁን ሳስበው አባቴ አንዴ እንኳ ሳይሰሙኝ መሄዳቸው ይቆጨኛል። ይህ የሚድን ቁጭት አይደለም፤ ለምጄዋለሁ። ያን ዜማ ከዚያ ወዲህ አልነፋሁትም። አንዳንዴ ሥራ ላይ ጣቶቼ ወደ እሱ ሲያዘነብሉ እመልሳቸዋለሁ።

ለአርባቸው ስንሄድ ማግስቱን ሥራ ስለነበረኝ ሻንጣው አብሮኝ ነበር። እንደደረስን መኪና ውስጥ ትቼው ስወርድ እትዬ ዘውዴ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"አዝማሪው" አሉኝ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብለው፣ "የእኔ ዕለት ግን መኪና ውስጥ እንዳትተወው።"

"ክፉ አይናገሩ፣ እትዬ" አልኳቸው። እሺ ማለቴ እንደሆነ ገብቷቸዋል።