ከጀሞ እስከ ፉሪ በዝምታ

ዓርብ ረፋድ ላይ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ከጀሞ ተነሣሁ። መንገዴ እስከ ፉሪ ነው፤ ጉዳዬም ከታላቅ እኅቴ ከእትዬ አልማዝ ጋር መታረቅ። ከሁለት ዓመት በፊት በእናታችን ተዝካር ላይ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «እናታችን ስትታመም የት ነበርሽ?» ብያት ነበር። ባለቤቷን ጋሽ ታደሰን ስትሮክ መትቷቸው እሳቸውን እያስታመመች እንደነበር አውቃለሁ። እያወቅሁ ተናገርኩ። ምላሴ እንዲህ ናት፤ ሳታማክረኝ ትቀድመኛለች።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ የንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጡኝ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾምህን ቀጥል፤ ምላስህንም ግታ። ከእኅትህ ሳትታረቅ ግን ለፋሲካ እንዳትቆርብ» አሉኝ። እኔም ምላስ መግታትን ዝም ማለት ነው ብዬ ተረጎምኩት። አምስት ሳምንት ሙሉ ዝም ስል ባልደረቦቼ የታመምኩ መስሏቸው ነበር።

ጀሞ፣ አምስት ሰዓት

የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነው። ሱፍ የለበሰ ሰውዬ መጥቶ ከፊቴ ገባ። ወትሮ ቢሆን ልክ ልኩን እነግረው ነበር። ዝም አልኩ።

«ወንድሜ፣ አፍ የለህም እንዴ?» አሉኝ ከኋላዬ የቆሙ ሴትዮ። «አንተ ዝም ስትል እኮ እኛንም ቀደመን!»

ለእሳቸውም አልመለስኩም። በልቤ ግን ትልቅ ጽድቅ የሠራሁ ያህል ደስ ብሎኛል።

ለቡ መብራት ኃይል፣ ስድስት ሰዓት

መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር ወርደን ጥቂት በእግራችን ሄድን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንዲት ሳምቡሳ ጠባሽ «የጾም ነው፣ ምስር ብቻ!» ብላ ጠራችኝ። እኔ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንደማልቀምስ ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ አማረኝ። እሱንም ዋጥኩትና በሐና ማርያም በኩል ወደ ፉሪ የሚሄድ ታክሲ ያዝኩ።

ፉሪ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል

እትዬ አልማዝ «ግባ» አለችኝ እንጂ አልሳመችኝም። ወንበር ሰጥታኝ ራሷ እንደቆመች ጀመረች። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩትን ሴቶች በስም እየጠራች ማን ምን እንዳላት ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ እድሯ ላይ እንኳ አንገቷን ደፍታ ነው የምትቀመጠው። መልስ አልሰጠሁም፤ ጎበዝ፣ ቻልከው እያልኩ ራሴን አመሰግናለሁ።

«ዝም ትለኛለህ?» አለች በመጨረሻ። «ያኔ ሰው ፊት አዋረድከኝ፤ ዛሬ ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥተህ ትንቀኛለህ! ለምን መጣህ ታዲያ?»

አፈርኩ። የመጣሁበት ቃል አልወጣ አለኝ። ከወንበሩ ወርጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ።

«እትዬ፣ አጥፍቻለሁ። እያወቅሁ ነው ያልኩት። ይቅር በይኝ።»

«ተነሥ» አለች። «እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። ታደሰ ግን 'እናትሽን ያላስታመምሽው በእኔ ምክንያት ነው' እያለ ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱን ይበላል። ገብተህ ለሱ ንገረው።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጋሽ ታደሰ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ናቸው። ሁለተኛው ይቅርታ ከመጀመሪያው ከበደኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። እትዬም ያጎደለችው የለም። የኔ ምላስ ነው።»

በቀኝ እጃቸው እጄን ያዙና «ምነው ልጄ፣ ሁለት ዓመት አቆየኸው?» አሉኝ።

አጠገባቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እትዬ ሽሮ አቀረበች። እሳቸውን በትራስ ደግፈን ሦስታችንም ከአንድ ትሪ በላን።

ጀሞ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት

ቤቴ ገብቼ ይህን እጽፋለሁ። ራስን መግዛት አፍን መያዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ረሃቡንም ዝምታውንም ችዬዋለሁ፤ ሲለምዱት ቀላል ነው። ያቃተኝ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» ማለት ነበር። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ አንድም ጾም አልገደፍኩም። ፉሪ ውስጥ ግን አንድ የታመመ ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ ተኝቶ ነበር።